ድያፍራምዎ አልተኛም

ሰሞኑን ስለ ድያፍራም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ከረመ። እኔም ጋ ደረሰ። የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ «እውነት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ተከትሎት መጣ። አዎ ወይም አይደለም ብሎ የሚታለፍ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩት።

ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ድያፍራም ደረትን ከሆድ የሚለይ መጋረጃ ነው፤ አየር የሚስበው ሳንባ ራሱ ነው። የአብዛኞቻችን ድያፍራም «ተኝቷል»፤ አየር ወደ ሆዳችን እያስገባን ልንቀሰቅሰው ይገባል። ከነቃ በኋላ ዋና ሥራው አየር ገፍቶ ማስወጣት ነው። ነርቩ ከጀርባ ስለሚነሳ ጀርባን መታሸት ይረዳዋል። እንስሳት ሁሉ፣ ዶሮም ሳትቀር፣ ድያፍራም አላቸው፤ እነሱ በደንብ ይጠቀሙበታል፣ እኛ ግን ረስተነዋል። ስቅታ ድያፍራም መርዝ ሲያራግፍ የሚሰማ ድምፅ ነው። በመጨረሻም በቀን አሥር ደቂቃ በሆድ መተንፈስ ስኳርንና ደም ግፊትን ይፈውሳል።

ጸሐፊው ሰው ለመጉዳት አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ማንም ትዝ የማይለውን ጡንቻ ርዕስ ማድረጋቸውም ደስ ይላል። ችግሩ ከመነሻው ድያፍራም ምን እንደሚሠራ ስለሳቱት የተከተለው ሁሉ አብሮ ተንሸዋረረ።

ከመጋረጃው ልጀምር። መለየቱንስ ይለያል። ከላይ ልብና ሳንባ፣ ከታች ጉበት፣ ጨጓራ፣ ጣፊያና አንጀት፤ መሃላቸው እሱ አለ። ግን መጋረጃ ተሰቅሎ ይውላል እንጂ ሥራ አይሠራም። ድያፍራም ጡንቻ ነው፤ ያውም ከተወለድን ጀምሮ እረፍት የማያውቅ ጡንቻ።

ቅርጹ ወደ ላይ የጎበጠ ጉልላት ነው። ዙሪያው ሥጋ ሲሆን መሃሉ ስስ ግን ጠንካራ ጅማት ነው። ሥጋው ከፊት በደረት አጥንት ግርጌ፣ ከጎን በታችኞቹ 6 የጎድን አጥንቶች፣ ከኋላ ደግሞ በሁለት ወፍራም ዘለላዎች በወገብ አከርካሪ ላይ ተያይዟል። በሰው ላይ የጉልላቱ ቀኝ ጎን ከግራው ከፍ ይላል፤ ከሥሩ ጉበት ስላለ።

ሲኮማተር ጉልላቱ ወደ ታች ይወርዳል። ዝም ብለን ስንቀመጥ የሚወርደው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በረጅሙ ስንስብ ግን እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊወርድ ይችላል። የታችኞቹን ጎድኖችም ወደ ላይና ወደ ውጭ ያነሳቸዋል። ደረት ውስጥ ቦታ ሲሰፋ የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ጥቂት ያንሳል፤ አየርም ይገባል። አንጥረኛ ወናፉን ሲከፍት አየር የሚገባው ቆዳው ስለሚጠባ አይደለም፤ እጅ ስለከፈተው ነው። ጸሐፊው ቆዳውን አይተው እጁን ረሱት።

ሳንባ ራሱን የሚዘረጋበት ጡንቻ የለውም። እንዲያውም ጠባዩ መሸብሸብ ነው። ደረቱን በስለት የተወጋ ሰው ሳንባው የሚኮማተረው ለዚህ ነው። ስለቱ ሳንባውን ባይነካው እንኳ፣ በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል አየር ከገባ በቃ፣ ሁለቱን አጣብቆ የያዛቸው ግፊት ይጠፋል። ያኔ ድያፍራም የቱንም ያህል ቢጎትት ሳንባው በደንብ አይከተለውም። አርፈን ስንቀመጥ በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ገደማ አየር እንስባለን። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የድያፍራም ሥራ ነው፤ የቀረውን በጎድኖች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ይሸፍናሉ። በደቂቃ 15 ጊዜ ብንተነፍስ በቀን ከ21,000 ጊዜ በላይ ይሠራል ማለት ነው።

መጋረጃ የሚለው ስያሜ የሚደብቀው ሌላ ነገርም አለ፤ በሮቹን። ድያፍራም ሦስት ዋና ዋና ማለፊያዎች አሉት። ደምን ከታች ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ ደም መልስ የሚያልፈው በጅማቱ በኩል ነው። ሥጋ ሲኮማተር ቀዳዳ ይጠባል፤ ይህኛው ግን በጅማት ውስጥ ስለሆነ ሲጎተት ይሰፋል። ስለዚህ አየር በሳብን ቁጥር ደምም ወደ ልብ በቀላሉ ይመለሳል። ትልቁ ደም ቅዳ ደግሞ በጡንቻው መሃል ሳይሆን ከኋላው፣ አከርካሪውን ተጠግቶ ነው የሚያልፈው፤ አይጨመቅም። የምግብ ቧንቧ ብቻ በሥጋው መሃል ያልፋል፤ ሥጋውም ያንቀዋል። ይህ ማነቅ ጥቅም አለው። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እንዳይመለስ ከሚከለክሉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። በዚያ በር በኩል የጨጓራ ጫፍ ወደ ደረት ሾልኮ የወጣበት ሰው ቃር ለምን እንደሚያሰቃየው አሁን ይገባችኋል።

ወደ «ተኝቷል» እንለፍ። የጽሑፉ ልብ ይህ ነው፤ እኔም በብርቱ የምቃወመው ይህንኑ ነው።

ድያፍራም የሚተኛ ቢሆን ኖሮ እኛ ከእንቅልፍ አንነሳም ነበር። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል የሰውነታችን ጡንቻዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ይዝላሉ። እጅና እግር ይዝላል፣ የአንገት ጡንቻ ይዝላል፣ በጎድን መካከል ያሉት ጡንቻዎች እንኳ ይዳከማሉ። ያኔ የመተንፈስ ሸክም የሚወድቀው ድያፍራም ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ሲተኛ እሱ አይተኛም።

«በደረቱ የሚተነፍስ» የሚባለው ሰውም ቢሆን ድያፍራሙን አላቆመም። ሆዱን ጠበቅ አድርጎ ስለያዘው ሆዱ አይነፋም እንጂ ጡንቻው በታች በኩል ሥራውን እየሠራ ነው። ሆድ የሚነፋውም አየር ስለገባበት አይደለም። አየር ከሳንባ አልፎ የሚሄድበት መንገድ የለም። ድያፍራም ሲወርድ ጉበትና አንጀትን ይገፋል፣ እነሱም መሄጃ ሲያጡ የሆድን ግድግዳ ወደ ፊት ይገፋሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ሆዱ ውስጥ በእርግጥ አየር የገባበት ሰው ካለ አየር የዋጠ ነው፤ ማግሳት ብቻ ነው የሚተርፈው።

እርጉዝ ሴቶችን እንይ። ማሕፀን እያደገ ሲሄድ ድያፍራምን ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። በጸሐፊው ስሌት ከሄድን እርጉዝ ሴት ድያፍራሟ መሥራት ማቆም ነበረበት። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የድያፍራሙ እንቅስቃሴ አይቀንስም፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምትስበው አየር እንዲያውም ከበፊቱ በግልጽ ይጨምራል።

እውነተኛ «የተኛ» ድያፍራም ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት አእምሯቸው ሞቶ ለአካል ልገሳ የተዘጋጁ ሰዎችን ድያፍራም መርምሮ ነበር። ከ18 እስከ 69 ሰዓት መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ተንፍሶላቸው ነበር። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የጡንቻው ክሮች መጠን ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ሳምንት አላለፈም፣ ወር አላለፈም። ይህ ጡንቻ ሥራ ፈትቶ አያውቅምና ሲፈታ ቶሎ ይከሳል። ታካሚን ከመተንፈሻ መሣሪያ ማላቀቅ ለሐኪሞች ከባድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ወይም የፖሊዮን ታሪክ ያንብብ። ቫይረሱ ወደ ድያፍራም የሚሄዱትን ነርቮች ሲመታ ልጆች አእምሯቸው ንቁ እንደሆነ ይታፈኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን ወረርሽኝ ሲነሳ በብሌግዳም ሆስፒታል የነበሩት መሣሪያዎች ከታማሚው ብዛት ጋር የሚመጣጠኑ አልነበሩም። ብዮርን ኢብሰን የተባሉ የማደንዘዣ ሐኪም በአንገት ፊት ለፊት በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብተው፣ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር እንዲሰጥ አደረጉ። የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ሌት ተቀን እየጨመቁ ነፍስ አቆዩ። የዛሬው ጽኑ ሕክምና መነሻው እዚያ ነው ይባላል። አንድ ጡንቻ ሥራ ሲያቆም እሱን ለመተካት ስንት ሰው እንዳስፈለገ አስቡት። እንግዲህ የጤነኛን ሰው ድያፍራም «ተኝቷል» ማለት ይከብደኛል።

አየር የማስወጣቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ዝም ብለን ስንተነፍስ አየር ለማስወጣት ጡንቻ አያስፈልግም። ድያፍራም ይለቃል፣ የተለጠጠው ሳንባ ይሸበሸባል፣ አየሩ ይወጣል። ስናስል፣ ስናስነጥስ፣ ሻማ ስናጠፋ የሚገፋው የሆድ ግድግዳ ጡንቻ ነው። ዘማሪም ሆነ አዝማሪ ረጅም ዜማ ሲይዝ ድያፍራሙ አየሩን አይገፋም፤ ቶሎ እንዳያልቅ ቀስ ብሎ በመልቀቅ ይገታዋል። «በድያፍራምህ ግፋው» የሚሉ የድምፅ አሠልጣኞች ጉዳዩ ከማስተማሪያነት ስለማያልፍ ይቅር ይባሉ። ጸሐፊው ወደ እውነቱ ትንሽ የሚቀርቡት በማማጥ ላይ ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ትንፋሿን ስባ ጉሮሮዋን ስትዘጋ ድያፍራሟ ከላይ ጠብቆ ይይዛል፣ ሆዷ ደግሞ ይጨምቃል፤ የሚገፋው አየር ሳይሆን ሕፃኑ ነው።

ነርቩ ከጀርባ ይነሳል መባሉ ደግሞ አደገኛ ስህተት ነው። የድያፍራም ነርቭ የሚነሳው ከአንገት ነው። ከ3ኛው፣ ከ4ኛውና ከ5ኛው የአንገት ነርቭ ተነስቶ፣ በቀኝና በግራ አንዳንድ ሆኖ፣ ደረትን በሙሉ አቋርጦ፣ ልብን ተጠግቶ ይወርዳል። ለምን ይህን ያህል መንገድ ይሄዳል? ጽንስ ሳለን ድያፍራም መሠራት የሚጀምረው በአንገት አካባቢ ስለሆነ ነው። ጽንሱ እያደገ ሲመጣ ጡንቻው ወደ ታች ይወርዳል፤ ነርቩንም እየጎተተ ይሄዳል።

ይህ ታሪክ ሐኪም ቤት ውስጥ በየቀኑ ይታያል። ጣፊያው ተቀዶ ደም የፈሰሰው ሰው የግራ ትከሻውን ሊያመው ይችላል። የሐሞት ከረጢቱ የቆሰለ ሰውም ቀኝ ትከሻው ላይ ሕመም ይሰማዋል። ትከሻው ምንም አልሆነም። የተነካው ድያፍራም ነው፤ አንጎል ግን ከአንገት ነርቭ የመጣውን መልእክት የትከሻ አድርጎ ያነበዋል። እንዲህ ያለ ሰው ትከሻውን ሲታሽ ቢውል ጊዜ ያባክናል፤ ጣፊያው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሕይወቱን ያጣል።

ይህን ጉዳይ የጥንቱ ሐኪም ጋሌን በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንስሳት ላይ አሳይቶታል። ህብለ ሰረሰርን ከአንገት በላይኛው ክፍል ሲቆርጠው እንስሳው ትንፋሹ ይቆማል። ከአንገት በታች ሲቆርጠው ግን ጎድኖቹ ቢቆሙም ድያፍራሙ ይቀጥላል። ጭካኔው ዛሬ አይፈቀድም፤ ግኝቱ ግን እስካሁን ይሠራል። አሜሪካዊው ተዋናይ ክሪስቶፈር ሪቭ እ.ኤ.አ. በ1995 ከፈረስ ወድቆ የላይኞቹ የአንገት አጥንቶቹ ሲሰበሩ በመሣሪያ መተንፈስ ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ2003 በክሊቭላንድ ድያፍራሙ ላይ በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሱት ኤሌክትሮዶች ተተክለውለት ያለ መሣሪያ ለተወሰነ ጊዜ መተንፈስ ቻለ። ጡንቻው ደህና ነበር፤ የጠፋው ትእዛዙ ነው። በአንጻሩ አንገቱ ከ5ኛው በታች የተጎዳ ሰው እጅና እግሩ ቢሰንፍም በራሱ ሊተነፍስ ይችላል። የመኪና አደጋ ያጋጠመውን ሰው በብብቱና በእግሩ አንጠልጥሎ ታክሲ ውስጥ መወርወር እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ በቅንነት። ትንፋሹን የያዘው ነርቭ የሚነሳው ከአንገቱ መሆኑን ያወቀ ሰው ግን ጭንቅላቱንና አንገቱን አንድ ላይ አጥብቆ ሳይዝ አያነሳውም።

አሁን ወደ እኔ መንደር ልምጣ። «እንስሳት ሁሉ፣ ዶሮም ሳትቀር» የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ የጡንቻ ድያፍራም ያላቸው አጥቢ እንስሳት ብቻ ናቸው። ዶሮ የላትም። ወፎች የሚተነፍሱት የደረት አጥንታቸውን ወደ ታችና ወደ ላይ እያንቀሳቀሱ፣ በሰውነታቸው ውስጥ ያሉትን የአየር ከረጢቶች በመሙላትና ባዶ በማድረግ ነው። ለዚህ ነው ዶሮ ደረቷ ከታፈነ ሳንባዋ ጤነኛ ሆኖ እንኳ የምትሞተው። ለዚህም ነው ከገበያ ቁልቁል አንጠልጥለን ስናመጣት የምትሰቃየው፤ አንጀቷ በአየር ከረጢቶቿ ላይ ሲወድቅ የሚከላከልላት የለም። አዞ ደግሞ ጉበቱን ወደ ኋላ የሚጎትት ጡንቻ አለው። ጉበቱ ሲጎተት ሳንባው ቦታ ያገኛል። ሥራው ይመሳሰላል፤ ዘሩ ግን ሌላ ነው።

አጥቢዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። በግመል ድያፍራም ውስጥ ትንሽ አጥንት ይገኛል። ማናቴ የሚባለው የባሕር እንስሳ ድያፍራሙ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ እንደ እኛ ደረትን ከሆድ አቋርጦ በመቆም ፈንታ በሰውነቱ ርዝመት ተዘርግቷል። ዝሆን በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል እንደ ሌሎቹ ባዶ ክፍተት የለውም፤ በላላ ሕብረ ሕዋስ ተሞልቷል። ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ በአንድ እርምጃ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹና ሩጫው ተቆራኝተዋል። «በደንብ ይጠቀሙበታል» ለሚሉት እንግዲህ ፈረስ በሽምጡ ላይ የትንፋሹን ፍጥነት የመምረጥ ነፃነት እንኳ የለውም።

ከብት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የድያፍራምን ቦታ ያስተማረኝ እሱ ነውና። ላም የማር እንጀራ የሚመስል ገጽ ያለው የጨጓራ ክፍል አላት። ይህ ክፍል ድያፍራምን ተለጥፎ ይቀመጣል፤ ከድያፍራም ወዲያ ልብ አለ፤ መሃላቸው ያለው ርቀት ጥቂት ነው። ላም የምትበላውን አትመርጥም። ሚስማር ወይም ሽቦ ከገለባ ጋር ከዋጠች ክብደቱ እዚያ ክፍል ውስጥ ያሳርፈዋል። ጨጓራው በተኮማተረ ቁጥር ሽቦው ይገፋል። ጨጓራውን ይበሳል፣ ድያፍራምን ይበሳል፣ አንዳንዴ የልብን ከረጢት ይወጋል። ያቺ ላም ጀርባዋን ታጎብጣለች፣ የፊት ክርኖቿን ወደ ውጭ ከፍታ ትቆማለች፣ ቁልቁለት መውረድ ትፈራለች። ሲብስ የአንገቷ ደም ሥር ይገተራል፣ ፍሪምባዋ ውኃ ይቋጥራል። የከተማ ላም ያለው ሰው ከግንባታ ቦታ ሽቦ መልቀም የጤና ሥራ መሆኑን ይወቅ። ማግኔት ማስዋጥም ይረዳል፤ ሽቦውን እዚያው ይዞ ያስቀረዋል።

ሆዷ የተነፋ ላምም ሌላ ምስክር ናት። እርጥብ አልፋልፋ ጠግባ ስትነፋ የሚገድላት ጋዙ መርዝ ሆኖባት አይደለም፤ የተነፋው ጨጓራ ድያፍራምን ወደ ደረት ገፍቶ ስለሚያፍናት ነው። «ሆድ ውስጥ አየር ማስገባት» ምን እንደሚያደርግ ከፈለጉ ይኸው።

ስቅታስ? መርዝ የለበትም። ድያፍራም ድንገት ይኮማተራል፣ ወዲያው ማንቁርት ይዘጋል፤ «ስቅ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ጽንስ በማሕፀን ውስጥም ስቅ ይለዋል። ቻርልስ ኦስቦርን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1922 አሳማ ሊመዝን ሲታገል የጀመረው ስቅታ እስከ 1990 አልለቀቀውም፤ ያን ሁሉ ዘመን መርዝ ሲያራግፍ ኖረ ልንል ነው? ከሁለት ቀን ያለፈ ስቅታ ግን «ሰው አነሳኝ» ተብሎ አይታለፍም፤ ሐኪም ይየው።

የቀረው ፈውሱ ነው። ቀስ ብሎ በረጅሙ መተንፈስ ያረጋጋል፤ የደም ግፊትንም በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። የቃር ሕመምን እንደሚያቀልም ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ የምግብ ቧንቧን የሚያንቀው ጡንቻ እሱ ስለሆነ ነገሩ ትርጉም ይሰጣል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ስኳር ይፈውሳል ሲሉ ግን እለያለሁ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ይህን አምኖ መርፌውን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ትንፋሹን ይለማመድ፣ ክኒኑን ግን ያለ ሐኪሙ ትእዛዝ አይንካ።

የራሱን ድያፍራም መፈተሽ የሚፈልግ ካለ ማሸት አያስፈልገውም። በጀርባው ይተኛ፣ አንድ እጁን እምብርቱ ላይ ያድርግ፣ እንደ ወትሮው ይተንፍስ። አየር ሲስብ እጁ ከፍ ካለ ጡንቻው ሥራ ላይ ነው። አየር በሳበ ቁጥር ሆዱ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ወይም ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረውና ቁጭ ሲል የሚሻለው ከሆነ፣ ያኔ ወደ ሐኪም ይሂድ።